በዳር የቀሩት አራት መስመሮች

ማጭድ ይዤ አጨዳ የወጣሁት በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያበላሸሁትን ለማስተካከል ግን አንድ መንደር ሦስት ወር ፈጅቶበታል።

የወልድያ ከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ መናኸሪያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። በሬ የማውቀው ለበዓል ተገዝቶ ግቢያችን ውስጥ ሲያድር ነው፤ እሱንም በመስኮት። የእንስሳት መኖ ተምሬ ጨርሼ ሀብሩ ወረዳ ስመደብና መርሳ ቤት ልከራይ ስነሳ፣ እናቴ «ላም ማለብ የማትችይ ልጅ ገበሬውን ምን ልትይው ነው?» ብላ እስኪበቃት ሳቀችብኝ። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ አልወድም። አኩርፌ ሻንጣዬን ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ፤ ሲሪንቃን አልፈን መርሳ እስክንደርስ በሆዴ ለእናቴ መልስ ስሰጥ ነበር።

ሥራዬ ግራና በምትባል ትንሽ ከተማ ዙሪያ ባሉ መንደሮች የመኖ ተክል ማስፋፋት ነበር። በዚያ አገር ማሽላ ማለት ሁሉም ነገር ነው። ፍሬው እንጀራ ይሆናል፣ አገዳው የከብት ቀለብ ይሆናል፣ ጉቶው ይማገዳል። ችግሩ በጋው ላይ ነው። ከጥር በኋላ በሬው ፊት የሚቀርበው ደረቅ አገዳ ብቻ ነው፤ ደረቅ አገዳ ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም። የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲልና እርሻ ሲጀመር፣ ጅራቱን ተይዞ ተደግፎ የሚነሳ በሬ ብዙ ነው።

እኔ ይዤው የመጣሁት መድኃኒት ላብላብ ይባላል። እንደ አደንጓሬ ሐረግ የሚጥል ተክል ነው፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ አበባው ወይን ጠጅ፣ ሥሩ ጥልቅ። ማሽላው ሥር ይዘራል፤ ማሽላው ደርቆ ሲታጨድ እሱ አረንጓዴ እንደሆነ ማሳው ላይ ይቀራል። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

በዚያች መንደር ዘር ልቀበል ያሉት ግን አንድ ሴት ብቻ ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ቀጠን ያሉ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ልጃቸውም ደሴ ተድራ የሄደችባቸው ሴት። ስም አልጠራም፤ እኔ «እትዬ» እላቸው ነበር፣ እዚህም እትዬ ይሁኑ። ሀብታቸው የአንድ ቀን ተኩል እርሻ የምታህል ማሳና አንድ ቀይ በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ እንደ እሳቸው አንድ በሬ ብቻ ካለው ጎረቤታቸው ጋር ያቀናጁታል፤ ጎረቤትየው ሁለቱን በሬዎች ጠምዶ ተራ በተራ አንዴ የራሱን፣ አንዴ የሳቸውን ማሳ ያርሳል።

መጀመሪያ ቤታቸው የሄድኩ ዕለት ይኸው ጎረቤት ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ነበር። ረጅም፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ክፉ ሰውም አይደለም፤ የተናገረው ራሱን እንዳመመው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

«ዘንድሮስ ችዬ አርሻለሁ» አላቸው። «በሬዎት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እርሻ መሐል ተንበረከከብኝ። ከርሞ በበልጉ እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጌ አቀናጃለሁ። ወላሂ ወድጄ አይደለም፤ እኔም ልጆች አሉኝ።»

«ሐቅህን ነው» አሉት እትዬ፣ ምንም ሳይቆጡ።

ሰውየው ከሄደ በኋላ ለኔ የነገሩኝ ባጭሩ ነው። ሌላ ካቀናጀ የሚያርስላቸው የለም። የሚያርስ የሌለው ሰው ማሳውን ለእኩል ይሰጣል፣ ለእኩል የሰጠ ደግሞ ግማሹን ብቻ ይበላል፣ የዚያች ማሳ ግማሽ ደግሞ ዓመት አያደርስም። «ከዚያ በኋላ ደሴ ልጄ ቤት ሄዶ በሰው ምድጃ ዳር መቀመጥ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወደ በሬው ዞረው፣ «ይኸ ያንች ዘር ይኸን ፍጡር ያስነሳዋል?» አሉኝ።

«ያስነሳዋል» አልኩ ሳላመነታ። ላብላብ የበላ በሬ አይቼ አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ የተጋጨነው ስለ አዘራሩ ነው። እኔ የያዝኩት መመሪያ ማሽላና ላብላብ በአንድ ቀን ይዘራ ይላል። እትዬ አዳምጠውኝ ሲያበቁ «ሽልሻሎውስ?» አሉ። ሽልሻሎ የዚያ አገር አሠራር ነው። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ፣ አፋቸው የተሸበበ በሬዎች አስገብተው የቆመውን ሰብል በመካከሉ ያርሱታል። መጀመሪያ ሳየው ዕብደት መስሎኝ ጮኼ ነበር። ማረሻው አረሙን ይገለብጣል፣ የበዛውን ማሽላ ያሳሳል፣ አፈሩን ያላቅቃል፤ የተነቀለው ቡቃያም ለከብቱ ይሆናል። የኔ ላብላብ በዚያ ላይ ከበቀለ ማረሻው እሱንም ይዞት ይሄዳል።

«ሽልሻሎው ይቅር» አልኩ።

«እሽ» አሉ።

የዚያ አገር «እሽ» ብዙ ዓይነት መሆኑን ያኔ አላወቅሁም። ማሳውን ለሁለት ከፈሉት። መንገድ ዳር ያለውን፣ ቢሮ ስመላለስ የማየውን ግማሽ፣ እንዳልኩት ዘሩት፤ ሽልሻሎም አላስገቡበትም። ከወዲያ ያለውን ግማሽ በሐምሌ አስሸለሸሉና ከማረሻው ኋላ ኋላ እየተከተሉ፣ የላብላቡን ዘር በተገለጠው ትልም ላይ እየጣሉ በእግራቸው አለበሱት። ይህን ያወቅሁት መስከረም ላይ ነው። የኔ ግማሽ ላይ ላብላቡ ማሽላውን ቀድሞ ተጠምጥሞበት፣ ግንዱን ጎትቶ መሬት አስተኝቶታል፤ ከብት የተንከባለለበት ይመስል ነበር። የሳቸው ግማሽ ላይ ማሽላው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ላብላቡም ከሥሩ መሬቱን ሸፍኖ ተኝቷል።

በመካከሉ ቆሜ ፊቴ ሲጋል ተሰማኝ። አልነገሩኝም፣ አልሳቁብኝም። በኔ ግማሽ ላይ ቀድሞ ያፈራውን የላብላብ ፍሬ እየለቀሙ በቅል ውስጥ ይጨምሩ ነበር። «ይኸኛውም ለዘር ሆነን» አሉ። ያን ዕለት ወደ መርሳ ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ «ከሽልሻሎው ኋላ» ብዬ ጻፍኩና ሦስት ጊዜ ከሥሩ አሰመርኩበት።

ከዚያ በኋላ ልማር ነው የምሄደው፤ በእርግጥ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እትዬ ላብላቡን የሚያበሉበት መንገድ ራሱን የቻለ ጥበብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጤዛው ፈጽሞ ሲደርቅ አንድ እቅፍ ያጭዳሉ። ያጨዱትን ወዲያው አይሰጡም፤ ጥላ ላይ ዘርግተው እስኪጠወልግ ያሳድሩታል። ሲነጋ ከተከተፈ አገዳ ጋር ያደባልቁታል፤ መጀመሪያ አገዳው ይበዛል፣ ቀን በቀን ላብላቡ ይጨመራል። እርጥቡን ለራበው ከብት ብቻውን ቢሰጡት ሆዱን እንደሚነፋው እኔ ከመጽሐፍ አውቃለሁ። እሳቸው ከየት አወቁት? አንድ ቀን ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። እበቱን ነው የማየው አሉ። ጠዋት ጠዋት እበት ከመዛቃቸው በፊት በእንጨት ገለጥ አድርገው ይመረምሩታል፤ ከቀጠነ ላብላቡን ይቀንሳሉ፣ ከደረቀ ይጨምራሉ። እኔ በትምህርት ቤት በሚዛን የተማርኩትን እሳቸው በአንድ ስንጥር እንጨት ይሠሩት ነበር።

በኅዳር አጋማሽ የበሬው ጀርባ መሙላት ጀመረ፤ ቆዳው ለሰለሰ። አንድ ቀን ጎረቤትየው በመንገዱ ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ መዳፉን የበሬው አከርካሪ ላይ አሳርፎ ወደ ጎን ሲዳብሰው አየሁ። ከዚያ መንገዱን ቀጠለ። እሱ ከሄደ በኋላ እትዬ ውኃ ሲቀዱ በአፋቸው አንድ ነገር ያንጎራጉሩ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ሙሉ መንገዱን በእግሬ ሄድኩት።

አሁን ወደ ማጭዱ ልምጣ።

ታኅሣሥ ላይ ማሽላው ታጨደ። እትዬም አሳጨዱ፤ ግን በማሳው ዳር ዳር፣ መንገዱን ይዞ ዙሪያውን፣ አራት መስመር ማሽላ ራሱን እንደተሸከመ ቆሞ ቀረ። በመጀመሪያው ሳምንት አልፈውት ይሆናል አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ወፍ ወረሰው። በሦስተኛው ሳምንት ግማሹ ራስ ባዶ ሆኖ ሳየው አንጀቴን በላኝ፤ ሰው አጥተው ነው፣ የሚያጭድላቸው ቸግሯቸው ነው ብዬ። ይህን ብቻ ባስብ ኖሮ ደግ ነበርኩ። ሌላም ነገር ነበረ፤ በማግስቱ ከዞን እንግዶች የኔን ሥራ ሊጎበኙ ይመጣሉ። ማሳው ንጹሕ ሆኖ፣ ማሽላው ተነስቶ፣ ላብላቡ ብቻ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነበር። በወፍ የተበላ ጭራሮ ማሽላ ዙሪያውን ከቦት እንዲታይብኝ አልፈለግሁም።

እትዬ ጠዋት ግራና ገበያ ወርደው ነበር። ከጎረቤትየው ቤት ማጭድ ተዋስኩ። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጁ እኔ ማጭዱን እንዴት እንደያዝኩት አይታ አዘነችልኝ መሰል፣ ልታግዘኝ አብራኝ ወጣች። ማሳው ዳር ስንደርስ ቆም አለች።

«እሳቸው እጨጅው ብለውሻል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ልጅቱ ትከሻዋን ነቅንቃ ጎንበስ አለች። እሷ ሦስት መስመር ስታጭድ እኔ አንድ መስመር አጨድኩ። እጄ ተላጠ፣ ወገቤ ተቆረጠ፤ አገዳውን አስረን እትዬ ደጃፍ ከመርነው። ከዚያ ጥላው ሥር ተቀምጬ፣ ሲመለሱ የሚመርቁኝን ምርቃት መጠበቅ ጀመርኩ።

የሰማሁት የከብት ኮቴ ነው። ቀና ስል የመንደሩ ከብት ሁሉ ማሳው ውስጥ ገብቷል። ላም፣ ወይፈን፣ ጥጃ፣ አህያ ሳይቀር ላብላቡ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ሰምጦ ይግጣል። እየጮህኩ ሮጥኩ፣ ድንጋይ ወረወርኩ፤ አንዱን ሳስወጣ ሌላው በኋላዬ ይገባል። በመንገዱ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው በመገረም ያዩኛል።

«ያግዙኝ እንጂ!» አልኳቸው።

«ምን ሆንሽ ልጄ? ማሳው እኮ ተከፍቷል» አሉኝ።

እዚያው ቆሜ፣ እያለከለክሁ፣ ከሳቸው አፍ ሰማሁት። በዚያ መንደር የታጨደ ማሳ የሁሉም ከብት ነው። የታጨደ ማሳ አጥሮ ከብት መከልከል ነውር ነው፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ቢታመምም ቢሞትም የሚደርስለት የለም። ነገር ግን አንድ ራስ ማሽላ የቆመበት ማሳ አልታጨደም ይባላል፤ ባለቤቱ ራሱ አንስቶ እስኪጨርስ ማንም ከብቱን አያስገባበትም። እትዬ አጥር አላጠሩም፣ ከማንም ጋር አልተጣሉም፣ አልዋሹም። ለወፍ አራት መስመር ማሽላ ሰጥተው፣ በደንቡ ውስጥ ሆነው፣ ላብላባቸውን አስጠብቀው ኖሯል። መንደርተኛው ሁሉ ገብቶት፣ እየሳቀም እያደነቀም፣ ከብቱን በዳር ያሳልፍ ነበር። ያልገባት አንዲት የተማረች ልጅ ብቻ ነች።

እትዬ ከገበያ ሲመጡ ያየሁት በዚህ መካከል ነው። ዕቃቸውን በነጠላቸው አዝለው፣ አንድ የዘይት ጠርሙስ በእጃቸው ይዘው፣ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ማሳውን አዩት። ቆሙ። ወደኔ አዩ፤ ከዚያ ደጃፋቸው ላይ ወደ ተከመረው አገዳ አዩ። ሁሉንም ተረዱት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ መሮጥ ጀመሩ። ላብላቡን ሊያስጥሉ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን በሚግጡት ከብቶች መካከል አልፈው ወደ ማሳው ጥግ ነው የሮጡት። እዚያ አንዲት ጥቁር ላም እግሯን አንፈራጣ ቆማለች። መጋጥ አቁማለች፤ ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ምላሷ ወጥቷል። የጎረቤትየው ላም ነች።

«ከብቱን አስወጡ! እርጥብ ነው፣ ይነፋቸዋል!» ብለው ሲጮሁ ሽማግሌውም ዱላቸውን ይዘው ገቡ፤ ሰው ከየቤቱ ወጣ። እትዬ የዘይቱን ጠርሙስ ክዳን በጥርሳቸው ከፈቱ። «አንገቷን ያዥ!» አሉኝ፤ ያዝኩ። ከገበያ ያመጡትን ዘይት፣ ለወር ያሰቡትን፣ በላሟ አፍ በጎን በኩል ቀስ እያሉ አንቆረቆሩላት። አንድ ወፍራም እንጨት በአፏ አግድመው በቀንዶቿ ላይ በገመድ አሰሩት፤ እንድታላምጠውና አየሩ እንዲወጣላት ነው። ከዚያ ዳገቱን እኔ ከፊት እየጎተትኩ፣ እሳቸው ከኋላ ጎኗን በመዳፋቸው እያሹ አስኬድናት። ጎረቤትየው ሲደርስ ሁለት ጊዜ ወጥተን ወርደን ነበር። ሦስተኛው ዳገት ላይ ላሟ ቆመችና እንደ በር የሚጮህ ግሳት አገሳች። ከዚያ ሌላ። ጎረቤትየው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«አልሐምዱ ሊላህ» አሉ እትዬ። ያን ጊዜ ነው ዞረው ማሳቸውን ያዩት። የቀረው የተረገጠ ሐረግና አፈር ነበር።

ሰው ሁሉ ሲበተን ደጃፋቸው ላይ ቀረን። አለቀስኩ። እንባዬን ስጨርስ ደግሞ፣ ጸባዬ ነውና፣ ተቆጣሁ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«መች ጠየቅሽኝ?» አሉኝ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ክረምቱን ሙሉ ስትነግሪኝ እንጂ ስትጠይቂኝ አላየሁም። ማሽላው ለምን ቆመ ብትይኝ አልነግርሽም ነበር?»

ብዙ ጊዜ ተሰድቤያለሁ፣ የዚያን ያህል የጎዳኝ ንግግር ግን የለም። ስድብ ስላልነበረ ይመስለኛል።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። የተረገጠውን ማሳ አሳየኋቸውና ማን እንዳጠፋው ነገርኳቸው። ከመካከላቸው አንዱ በደብተሩ ጻፈ፤ የጻፈውን አላየሁም።

የጥር ወር ገባ። እትዬ በየጊዜው ካጨዱት ቀንሰው አድርቀው ከጣራው ሥር ሰቀላው ላይ ያስቀመጡት ላብላብ ከሦስት ሳምንት አያልፍም ነበር። እርሻ እስኪጀመር ገና ሁለት ወር ተኩል አለ። ሌሊት ሌሊት የማስበው ደሴን ነበር፤ የማላውቀውን የልጃቸውን ቤት፣ የሰው ምድጃ ዳር የተቀመጡ እትዬን።

መፍትሔው በወተት በኩል መጣ። ያን ዕለት ላብላቡን የጋጡት ላሞች በሚቀጥሉት ቀናት ወተታቸው ጨመረ። ሴቶቹ አልበው ያውቃሉና አልተሳሳቱም። መጀመሪያ የመጣችው የጎረቤትየው ሚስት ናት፤ የወተት ቅል ይዛ፣ ልታመሰግንም ልትጠይቅም። ለኔም ቀዳችልኝ። የገና ጾም ከወጣ ሁለት ቀኑ ነበርና በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ፤ ሁሉም ዘር ፈላጊ። እትዬ ነቀዝ እንዳይበላው በአመድ ያሹትን የላብላብ ፍሬ ከቅሉ አወጡ፤ በኔ የተበላሸ ግማሽ ላይ የለቀሙትን ፍሬ።

«ዘር አልሸጥም» አሉ። «አንድ እፍኝ የወሰደ ሰው ግን በሬዬ እስኪጠመድ ድረስ በየሳምንቱ አንድ ሸክም ያመጣልኛል። አገዳ ይሁን፣ የጤፍ ገለባ ይሁን፣ ከቤቱ የተረፈውን። የበሬዬን ቀለብ በልታችኋልና በሬዬን አብሉ።»

ሳቁና ተስማሙ። አሥራ አንድ ቤት ወሰደ። እኔም ዘር ሳልወስድ ተራዬን ገባሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመርሳ የመስኖ ማሳዎች የማሾ ገለባና ሰስባኒያ የሚባል የመኖ ዛፍ ቅርንጫፍ በጆንያ ሞልቼ፣ ባጃጅ ላይ ጭኜ፣ ባጃጁ ከማይገባበት በኋላ በጀርባዬ ተሸክሜ እወጣ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጆንያውን ደጃፋቸው ሳወርድ ላቤን አይተው ሳቁብኝ።

«ጥፋትሽን በጆንያ አትጨርሽውም» አሉኝ። «ግን አምጭው።»

ሲስቁብኝ ያልተናደድኩበት የመጀመሪያ ቀን ነው።

ደረቅ ገለባና አገዳ ላብላብን አይሆንም። በየካቲት የበሬው አጥንት እንደገና መታየት ጀመረ። በሄድኩ ቁጥር እንደ ጎረቤትየው መዳፌን አከርካሪው ላይ አሳርፌ ወደ ጎን እዳብሰዋለሁ፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይሰላል። እትዬ ደረቁን ላብላብ በአንድ ቀን አልጨረሱትም፤ በየቀኑ አንድ ጭብጥ ብቻ እየፈረፈሩ በገለባው ላይ እንደ ጨው ይነሰንሱት ነበር። «ሽታው ካለ ሌላውን ይበላል» ይላሉ። እውነታቸውን ነበር። ሰቀላው ላይ ሦስት ሳምንት ብቻ ይቆያል ያልኩት፣ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ቆየ።

መጋቢት ላይ ዘነበ። እርሻው በሚጀመርበት ዕለት ከመርሳ ማልጄ ወጣሁ። ስደርስ ጎረቤትየው ሁለቱን በሬዎች ከቀንበሩ ሥር አስገብቶ ነበር። እትዬ ማሳው ዳር፣ አራቱ መስመሮች በነበሩበት ቦታ ቆመዋል፤ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀዋል። አጠገባቸው ቆምኩ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልተለዋወጥንም።

ቀዩ በሬ አንደኛውን ትልም ወጣ። ሁለተኛውንም ወጣ። ሦስተኛው ትልም መሐል ላይ ቀዩ በሬ ዘገም አለና የፊት ጉልበቶቹ ታጠፉ።

እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ መጨፈን አልቻልኩም።

ጎረቤትየው ጅራፉን መሬት ላይ ጣለ። በሬውን አልመታውም፤ ቀንዱን ይዞ ቀስ ብሎ አስነሳው። ከዚያ ወደ ቀንበሩ መሐል ዞረ። እዚያ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው የቆዳ ጠፍር፣ ምራን የሚባለው፣ አለ። ምራኑ መሐል ላይ ሲታሰር ሁለቱ በሬዎች እኩል ይጎትታሉ፤ ወደ አንዱ ከቀረበ ግን ክብደቱ የሚያርፈው በቀረበበት በሬ ላይ ነው። ሰውየው ምራኑን ፈታ። አንድ ስንዝር ያህል ወደ ራሱ በሬ አስጠግቶ እንደገና አሰረው። ወደኛ አላየም። «ና በል» አለ፤ በሬዎቹም ሄዱ። እስከ ረፋዱ ድረስ ቀዩ በሬ አልተንበረከከም።

ለዕረፍት ሲቀመጥ ውኃ ወሰድኩለት። መጠየቅ ተምሬ ነበርና ጠየቅሁት።

«የርስዎ በሬ አይጎዳም?»

ውኃውን ጠጥቶ ጨረሰ። «ላሜ ትታለባለች» አለኝ፤ ጣሳውን መለሰልኝና ወደ እርሻው ተነሳ።

በሐምሌ ማሽላው ጉልበት ሲደርስ ለሽልሻሎ ጠሩኝ። የላብላቡን ዘር የያዘውን ቅል ተሸክሜ ከማረሻው ኋላ የምከተለው እኔ ነበርኩ፤ እትዬ ከኋላዬ ሆነው «አታርቂው፣ አታብዢው» እያሉ ያርሙኛል። በዙሪያው ባሉት ማሳዎችም አሥራ አንዱ ቤቶች የየራሳቸውን ይዘራሉ። በሬዎቹ በልጉ ባበቀለው ሣር ደኅና ሆነዋል። ትልሙ ጫፍ ላይ ሲዞሩ ከፊቴ አለፉ፤ ያኔ ሳላስበው ዓይኔ ቀንበሩ ላይ ሄደ።

«ምን ቆመሽ ታያለሽ? ዝሪ እንጂ!» አሉኝ እትዬ።

ምራኑ መሐል ላይ ተመልሷል።